የቱሪስቱ የመጀመሪያ ሦስት ቀናት ለጂንካ ይሰጡ

ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ቀጥታ በረራ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከፍራንክፈርት የሚነሳው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በርሮ ቦሌ ያርፋል። የጉብኝት ወቅት በመጣ ቁጥር በእነዚህ አውሮፕላኖች ውስጥ የማይጠፉ ተሳፋሪዎች አሉ፦ ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ፣ ጡረታ የወጡ ወይም ሊወጡ የተቃረቡ ባልና ሚስት። ለዓመታት ካጠራቀሙት ገንዘብ ከፍለው፣ ከማያውቋቸው አስር ሰዎች ጋር በቡድን ደቡብ ኦሞን ሊጎበኙ ነው የመጡት። ጉብኝቱ ግን ዛሬ አይጀምርም። የሚጀምረው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

ቀድመው የገቡት ያለ ምክንያት አይደለም። የቡድን ጉብኝት ሰው አይጠብቅም። የአንዱ በረራ ቢዘገይ፣ የሌላው ሻንጣ መንገድ ላይ ቢቀር፣ መኪኖቹ በተባለው ቀን መነሳታቸው አይቀርም። ስለዚህ ጠንቃቃ መንገደኛ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ ይገባል። ሰውነትም ቢሆን እረፍት ይፈልጋል። ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የመጣ ሰው ሰዓቱ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ተዛብቶበታል። ቀትር ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ዓይኑ ይፈጣል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና የሆቴሉን ደረጃ ሲወጡ እንኳ ትንፋሽ ያጥራል።

እነዚህ ሦስት ቀናት እንዴት ያልፋሉ? ባልና ሚስቱ ቦሌ አካባቢ ባለ ሆቴል ይተኛሉ። አንድ ቀን ብሔራዊ ሙዚየም ሄደው ሉሲን ያያሉ። ሥላሴ ካቴድራልን ይጎበኛሉ። መርካቶን በመኪና መስኮት ያዩታል፣ እንጦጦ ይወጣሉ፣ ማታ የባህል ምግብ ቤት ገብተው እስክስታ እያዩ እራት ይበላሉ። በሦስተኛው ቀን ምሽት ሌሎቹ የቡድኑ አባላት ይደርሱና አስጎብኚው ሁሉንም ሰብስቦ መግለጫ ይሰጣል። ስለ መንገዱ፣ ስለ ወባ መድኃኒት፣ ስለ ውሃ ይናገራል። ቀጥሎ አንድ የማይዘለል ማሳሰቢያ ይመጣል፦ ዝርዝር ብር ያዙ፣ እዚያ ፎቶ በገንዘብ ነው፣ መልስ አይገኝም።

ከ12 ሰዓት በላይ በርረው፣ ሦስት ቀን አርፈው፣ ስለ ሙርሲና ስለ ሐመር የሚሰሙት የመጀመሪያው ቁም ነገር ይኸው ነው። ዝርዝር ብር ያዙ።

የደቡብ ኦሞ ቱሪዝም ችግር የሚጀምረው ከዚህ መግለጫ ነው። መፍትሔውም ከእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

የቀረው ጉዞ በሩጫ የተሞላ ነው። ላንድክሩዘሮቹ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። አርባ ምንጭ ላይ በጫሞ ሐይቅ አዞ ይታያል። ዶርዜ ላይ ከእንሰት የተጋገረ ቂጣ ይቀመሳል። በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከን ይጎበኛል። ከዚያ ወይጦ፣ ቀይ አፈር፣ ጂንካ። ጂንካ የሚገባው መሽቶ ነው። መንገደኛው አቧራውን ታጥቦ፣ እራቱን በልቶ ይተኛል። በማግስቱ ገና በጠዋቱ መኪናው ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ይነሳል። የፓርኩ መግቢያ ይከፈላል፣ ጠብመንጃ የያዘ ስካውት ይሳፈራል፣ የሙርሲ መንደር ይደረሳል።

መንደሩ ውስጥ የሚቆዩት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሴቶቹ ተሰልፈው ይቆማሉ። ቱሪስቱ ይመርጣል፣ ካሜራው ይጮኻል፣ ብር ይቆጠራል። ስንት ጊዜ ተነሳ የሚል ክርክር ይነሳል። አንዷ ሕፃኑም ተነስቷልና የእሱ ይከፈል ትላለች። ቱሪስቱ ይጨነቃል፣ ከዚያ ይበሳጫል፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ ጂንካ ተመልሷል። በማግስቱ ወደ ቱርሚ ይነዳል።

ባልና ሚስቱ ማታ ስለ ሙርሲዎች ሲያወሩ፣ «ገንዘብ ብቻ ነው የሚያስቡት» ይባባላሉ። ሙርሲዎቹም በበኩላቸው ስለ ባልና ሚስቱ የሚሉት ከዚህ የተሻለ አይሆንም። እነዚህ ሰዎች ከሩቅ አገር መጥተው ሰላም እንኳ ሳይሉ ምስል ለቅመው የሚሄዱት ለምንድን ነው? ሙርሲዎችን ለአሥርት ዓመታት ያጠናው እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን በ1996 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ያነሳው ይህንኑ ሁለቱንም ወገን የማያስደስት ግንኙነት ነው። ከዚያ ወዲህ ካሜራው ስልክ ሆነ፣ ብሩ ረከሰ። ግንኙነቱ ግን ያው ነው።

ጥፋቱን በሙርሲ ሴቶች ላይ መጣል ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። የጉብኝቱ ዋጋ በዶላር የተከፈለው ባልና ሚስቱ አገራቸው ሳሉ ነው። ከዚያ ገንዘብ አየር መንገዱ ድርሻውን ወስዷል። የውጭ ወኪሉ፣ የአዲስ አበባው አስጎብኚ ድርጅት፣ ሆቴሉ፣ የመኪናው ባለቤት፣ ነዳጅ ማደያው ሁሉም ደርሷቸዋል። ጉዞው ሁሉ የተሸጠው በሙርሲዋ ሴት ፎቶ ሆኖ ሳለ፣ እሷ ዘንድ ገንዘቡ የሚደርስባት ትልቋ ቀዳዳ ያቺ የካሜራ ድምፅ ናት። ስለዚህ ያለቻትን ቀዳዳ ትጠቀማለች። ማንም በእሷ ቦታ ቢሆን ይህንኑ ያደርጋል።

ይባስ ብሎ ገበያው ራሱ ያያትን ነገር ይቀይራል። የከንፈር ሸክላ ሙርሲ ሴት ከጠዋት እስከ ማታ የምታደርገው ጌጥ አይደለም። ለባሏ ምግብ ስታቀርብ፣ ላም ስታልብ፣ በበዓልና በጭፈራ ጊዜ የምታደርገው፣ ክብርን የሚናገር ነገር ነው። ቱሪስት ሲመጣ ግን ሸክላው ብቻውን አይበቃም። ዓይን የሚስብ ብዙ ፎቶ፣ ብዙ ፎቶም ብዙ ብር ያመጣልና ራስ ላይ ቀንድ ይደረጋል፣ ያልተለመደ ጌጥ ይደረደራል። ቱሪስቱ «ጥንታዊ» ብሎ ይዞት የሚሄደው ምስል አንዳንዴ ለእሱ ሲባል በዚያው ጠዋት የተዘጋጀ ነው።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። አባባሉ የተነገረው እንግዳ ሲቆይ ይሰለቻል ለማለት ነው። ነገር ግን ሌላም ነገር ይዟል። በሦስተኛው ቀን እንግዳው እንግድነቱ ያልቃል። ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ይላል፣ ስም ያውቃል፣ ይታዘዛል፣ ይቀለድበታል። በደቡብ ኦሞ ግን ቱሪስቱ ወርቅ እንደሆነ መጥቶ ወርቅ እንደሆነ ይሄዳል። ወርቅን ደግሞ ማንም ሰው አያጫውተውም። ይወስደዋል እንጂ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። እነዚያ ሦስት ቀናት ቦሌ ላይ የሚያልቁት ለምንድን ነው? ባልና ሚስቱ ቦሌ እንደደረሱ ወይም አንድ ሌሊት አድረው የሀገር ውስጥ በረራ ይዘው ጂንካ ቢወርዱስ? ጂንካ የአውሮፕላን ማረፊያ አላት። ድሮ ከተማዋ መሐል በነበረው የሣር ሜዳ ላይ ያርፍ የነበረው አውሮፕላን ዛሬ በአግባቡ በተሠራ ጣቢያ ያርፋል። አየር መንገዱ ከውጭ በራሱ በረራ ለገባ መንገደኛ የሀገር ውስጥ ቲኬት በቅናሽ ይሸጣል። የጂንካ ከፍታ ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ያለ ነው፤ አየሯም ለደከመ ሰው የሚመች ነው። ቡድኑ በየብስ ሲወርድ እነሱ እዚያው ይጠብቁታል፤ ወይም ቡድኑ በሙሉ ጉብኝቱን ከጂንካ ይጀምራል።

እዚያ ምን ያደርጋሉ? ከከተማዋ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል አለ። ሐመሮችን ለአሥርት ዓመታት ያጠናው ጀርመናዊው ኢቮ ስትሬከር ከመሥራቾቹ አንዱ ነው። በማዕከሉ የአካባቢው ሕዝቦች ዕቃ፣ ልብስና ታሪክ ተሰብስቧል። አብዛኛው ቡድን ጊዜ ከተረፈው ብቻ ብቅ የሚልበት ቦታ ነው፤ ጊዜ ደግሞ አይተርፈውም። አንድ ሙሉ ጠዋት እዚያ ያሳለፈ ሰው ሙርሲ፣ ሐመር፣ በና፣ ጸማይ፣ ኛንጋቶም፣ ዳሰነች፣ ካራ፣ ኤርቦሬ፣ ቦዲ፣ ማሌ፣ ዲሜ፣ አሪ እየተባለ የሚጠራው ሁሉ አንድ «የኦሞ ጎሳ» እንዳልሆነ፣ እያንዳንዱ የራሱ ሕግና የራሱ ጎረቤት እንዳለው አውቆ ይወጣል።

ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው። ሐሙስ ቀይ አፈር ይቆማል። ሰኞ ቱርሚ፣ ቅዳሜ ዲመካ። ገበያ ሰው ለሰው ሲል እንጂ ለቱሪስት ሲል የማይሰበሰብበት ቦታ ነው። እዚያ ማር የሚሸጥ በና፣ ቅቤ ይዛ የመጣች ሐመር፣ ጤፍና ቡና የሚያወርድ አሪ አሉ። ከጂንካ በእግር የሚደረሱ የአሪ መንደሮች ውስጥ ሸክላ ትሠራለች፣ ብረት ይቀጠቀጣል፣ እንሰት ይፋቃል፣ አረቄ ይወጣል። ካሜራ ሳያወጡ ግማሽ ቀን መቀመጥ የሚቻልባቸው ቦታዎች ናቸው።

በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ጂንካ ዩኒቨርሲቲም አለ። ከእነዚሁ ሕዝቦች የወጡ፣ የአባታቸውን ከብት እየጠበቁ አድገው መጽሐፍ የያዙ ወጣቶችን ማፍራት ከዩኒቨርሲቲው የሚጠበቅ ነው። ለባልና ሚስቱ ስለ ሙርሲ የሚነግራቸው የአዲስ አበባው አስጎብኚ ሳይሆን ሙርሲ የሆነ ወጣት ቢሆን፣ ስለ ሐመር የኮርማ ዝላይ የምታስረዳቸው ሐመር የሆነች ልጅ ብትሆን፣ መግለጫው «ዝርዝር ብር ያዙ» በሚል አይጀመርም። ምናልባት እንዴት ሰላምታ እንደሚሰጥ በማስተማር ይጀመራል።

ሊነገራቸው የሚገባ ብዙ ነገር አለ። የኦሞ የታችኛው ሸለቆ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1972 ዓ.ም. መሆኑን፣ የተመዘገበውም ለጌጥና ለጭፈራ ሳይሆን ከምድሩ ለወጣው የሰው ልጅ ቅሪተ አካል መሆኑን ስንት ቱሪስት ያውቃል? በ1959 ዓ.ም. ኪቢሽ አካባቢ የተገኘው «ኦሞ አንድ» የተባለው ቅሪተ አካል በ2014 ዓ.ም. በወጣ ጥናት ዕድሜው ከ230 ሺህ ዓመት እንደማያንስ ተነግሮለታል። ሀገሪቱ ራሷን «ምድረ ቀደምት» ብላ የምትሸጠው በዚህ ዓይነት ማስረጃ ነው። ሆኖም ሸለቆው ድረስ የሄደ ቱሪስት ስለ «ኦሞ አንድ» ሳይሰማ ይመለሳል።

ሌላም አለ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የኦሞን ወንዝ አፈሳሰስ ለውጦታል። ውሃው ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ የነበሩ ሕዝቦች የለመዱት ዘመን አብሮ ተለውጧል። ታች ዳሰነች ላይ ደግሞ በቅርብ ዓመታት የወንዙ ሙላትና የቱርካና ሐይቅ መስፋት አሥር ሺዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። ቱሪስቱ ኦሞራቴ ላይ ከግንድ በተፈለፈለ ጀልባ ተሻግሮ ፎቶ የሚያነሳት የዳሰነች ሴት የዚህ ታሪክ ባለቤት ናት። ይህን የሰማ ሰው ፊቷን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ያልሰማው ግን «ጊዜ ያልነካቸው ሕዝቦች» የሚል ጽሑፍ ከፎቶው ሥር ይጽፋል።

የገንዘቡም ነገር ተራ ስሌት ነው። 12 ሰው ያለው አንድ ቡድን ሁለት ለሁለት ቢያድር ስድስት ክፍል ይይዛል። ሁለት ሌሊት ከአዲስ አበባ ወደ ጂንካ ቢዛወር 12 የክፍል ኪራይና በቀን ሦስት ጊዜ ሲበላ 72 ሰሃን ምግብ ጂንካ ላይ ይሸጣል። እንቁላሉ ከአሪ ገበሬ፣ ማሩ ከበና፣ ሙዙ ከዚያው ይገዛል። ይህ ከአንድ ቡድን ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ከተከፈተ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ገቢው በዶላር የሆነው አስጎብኚ ድርጅት ከዚህ ተጠቅሟል። ለፎቶ በብር የምትቀበለው ሴት ግን የእሷ ጥቂት ብር ከጨው ዋጋ ጋር አልተራመደም።

የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው የአስጎብኚዎቹ ነው። ከረጅም በረራ የወረደ ሰው ሙቅ ውሃና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል፣ ጂንካ ያንን ሁልጊዜ አትሰጥም ይላሉ። እውነት አላቸው። ግን ሆቴል ደረጃውን የሚያሻሽለው እንግዳ ሲያድርበት ነው። አንድ ሌሊት አድሮ ገና ሳይነጋ ለሚሄድ ቱሪስት ማንም ባለሀብት ሻወሩን አያድስም።

ሁለተኛው የጤና ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በሀገሪቱ የመጀመሪያው የማርበርግ ወረርሽኝ የተረጋገጠው ጂንካ ውስጥ ነው። የጂንካን ስም ሰምቶ የማያውቅ ዓለም በአንድ ሳምንት ውስጥ ከቫይረስ ጋር አያይዞ ሰማው። ፍርሃቱ የሚገባ ነው፤ ጥንቃቄውም ግዴታ ነው። ሆኖም ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ጂንካን መሸሽ አይደለም። የአንድ አካባቢ ቱሪዝም ያለ ጥሩ ሆስፒታልና ላቦራቶሪ አይቆምም፤ ነዋሪው ሳይታከም ደግሞ እንግዳው ደኅና ሊሆን አይችልም። ለቱሪስት ተብሎ የሚሟላ ሕክምና የሙርሲዋን እናትም ያዋልዳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። ቱሪስት በቆየ ቁጥር ባህሉን ያበላሻል ይባላል። ሊሆን ይችላል። ሦስት ቀን መቆየት በራሱ ጨዋ አያደርግም። ሦስት ቀን ሙሉ ካሜራ ደግኖ የሚዞር ሰው ከአንድ ሰዓቱ ቱሪስት ይብሳል። ስለዚህ መቆየቱ ከሥርዓት ጋር መምጣት አለበት። በየፎቶው መክፈል ቀርቶ ለመንደሩ አንድ የታወቀ የጉብኝት ክፍያ ይከፈል፤ መጠኑ በግልጽ ይለጠፍ፤ ማን ተቀብሎ ለምን እንዳዋለው መንደሩ ይወቅ። የሽማግሌ ጉባኤ ያለው ሕዝብ ይህን ለመቆጣጠር የሚሳነው አይደለም። ሴቶቹ ግን በክፍፍሉ ላይ ድምፅ ይኑራቸው፤ ያለዚያ ዛሬ በእጃቸው የሚገባው ጥቂት ብር ነገ የወንዶቹ ኪስ ውስጥ ይገባል። ፎቶ መነሳት የማይፈልግ ሰውም እምቢ ማለት ይችል።

ይህ ሁሉ ሲባል የውጭውን ሰው ብቻ መውቀስ ግብዝነት ነው። በአዲስ ዓመትና በፋሲካ እረፍት ከአዲስ አበባ የሚወርደው አዲስ አበቤ ምን የተለየ ነገር አደረገ? አዲስ ተጋቢዎች ቱርሚ ወርደው ከሐመር ልጃገረድ ጎን ቆመው ይነሳሉ። ቪዲዮው በቲክቶክ ይለቀቃል፤ ከሥሩ የሚጻፈው ቀልድ ለማንበብ ያሳፍራል። ፈረንጁ ቢያንስ ቋንቋው አይደለም፣ አገሩም አይደለም። አዲስ አበቤው ግን የገዛ ዜጋውን ስም ሳይጠይቅ «እነዚህ ሰዎች» ብሎ ይመለሳል። አስጎብኚው ለባልና ሚስቱ የሚሰጠው መግለጫ ባዶ የሆነው አስጎብኚው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ያደገበት ከተማና የተማረበት መጽሐፍ ስለ ሙርሲ የነገሩት ከዚያ ስለማይበልጥ ነው።

የሚያስፈልገው ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም። አየር መንገዱ የውጭውንና የጂንካውን ቲኬት አንድ አድርጎ ይሽጥ፣ የበረራውንም ቀን ከገበያ ቀኖቹ ጋር ያገናዝብ። ክልሉ ሙዚየሙን የጉብኝት ሁሉ መጀመሪያ ያድርገው፤ ወደ መንደር የሚወጣ ቡድን ሁሉ መግለጫውን እዚያ፣ ከአካባቢው ልጆች አፍ ይስማ። የአካባቢ አስጎብኚ ማኅበራት ፈቃድ ሲሰጡ የየሕዝቡን ቋንቋ በሚናገሩት ይጀምሩ። አስጎብኚ ድርጅቶች በፕሮግራማቸው ላይ «ሙርሲ፣ ግማሽ ቀን» የሚለውን ሰርዘው «ጂንካ፣ ሦስት ቀን» ብለው ይጻፉ።

ባልና ሚስቱ አንድ ቀን አገራቸው ይመለሳሉ። ልጆቻቸውን እራት ጠርተው ፎቶ ያሳያሉ። የከንፈር ሸክላ ያደረገችው ሴት ፎቶ ላይ ሲደርሱ ከልጆቹ አንዱ መጠየቁ አይቀርም፤ ስሟ ማነው?

ዛሬ መልስ የላቸውም። ሦስት ቀን ጂንካ አድረው፣ ሰላምታ ተምረው ቢሄዱ ኖሮ ግን ጠይቀዋት ይመጡ ነበር።